የዓመቱ ምርጥ የኤሌክትሮኒክ አልበሞች ዝርዝር፦ አዲስ አበባ ላለ አድማጭ ይጠቅማል ወይ?

ህዳር ሊያልቅ ሲል ፈረንጆቹ የዓመቱን ምርጥ አልበሞች መደርደር ይጀምራሉ፣ አራት ኪሎና ፒያሳ ማኪያቶ ላይ የምንገናኘው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ወዳጆችም ያኔ ለሁለት እንከፈላለን። ግማሹ ሙዚቃ ምን ውድድር አለው ይላል፣ ግማሹ ደግሞ (እኔ ከዚህኛው ነኝ) ማታ ቁጭ ብሎ ከመጨረሻው ቁጥር ወደ አንደኛው እያነበበ ይወጣል። ጊዜም ዳታም የሚበላ ነገር ስለሆነ እንደ ማንኛውም አገልግሎት ሪቪው ይገባዋል ብዬ ነው የጻፍኩት። ዓመቶቹን ካልገለጽኩ በስተቀር በፈረንጅ ነው የምጠራው።

እኔ የማምነው ዝርዝሩ ከነሱ ይልቅ ለኛ ይጠቅማል። በርሊን ወይ ለንደን ያለ ልጅ ሪከርድ ቤት ገብቶ ሻጩን ምን አዲስ አለ ይለዋል፣ ቅዳሜ ማታ ክለብ ሄዶ የማያውቀውን ትራክ ይሰማል፣ ሬዲዮም አለው፣ ስለዚህ ዝርዝሩ ለሱ መከራከሪያ ነው። እዚህስ? ድሮ ፒያሳ ደጃፋቸው ላይ ስፒከር አውጥተው አዲስ የወጣውን ለመንገደኛው ሁሉ የሚያሰሙ ካሴት ቤቶች ነበሩ፣ እነሱም ቢሆኑ ቴክኖ (የክለብ ዳንስ ምት) ወይ አምቢየንት (ዝግ ያለ፣ ድባብ የሚፈጥር ሙዚቃ) አልነበረም የሚሸጡት፣ አሁን ደግሞ ያም የለም። በቃ ዝርዝሩ ነው ሪከርድ ቤታችን፣ ገብተን የምናገላብጥበት።

ጄሊንን ያገኘኋት እንደዚህ ነው። ጌሪ ኢንዲያና ውስጥ ብረት ፋብሪካ ትሠራ የነበረች ሴት ናት፣ በ2015 ያወጣችውን ዳርክ ኢነርጂ የሚባል አልበም ዘ ዋየር የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት የዓመቱ አንደኛ አደረገው። መነሻው ፉትወርክ ነው፣ የቺካጎ የዳንስ ሙዚቃ፣ 160 ቢፒኤም (በደቂቃ የምት ብዛት) አካባቢ የሚሄድ፣ ከበሮው የት ላይ እንደሚያርፍ ቀድመህ የማታውቀው። እስክስታ ያየ ሰው ግን ትከሻው ወዲያው ይገባዋል፣ ማስረዳት አያስፈልግም። ያንን አልበም ማን ይነግረኝ ነበር?

ኬኤምአርዩም አለ፣ የናይሮቢ ልጅ፣ ፒል የሚለው አልበሙ በ2020 ኤዲሽንስ ሜጎ በሚባል ሌብል (ሙዚቃ አሳታሚ) ላይ ወጣ። እዚሁ ጎረቤት ያለን ሰው ቪየና ባለ ሌብልና ለንደን በተጻፈ ዝርዝር ዞሬ ማግኘቴ ያስቆጨኛል፣ ግን ዝርዝሩ ባይኖር ያም አይሆንም ነበር። የካምፓላው ሌብል ኒዬጌ ኒዬጌ ቴፕስም ያው ነው። በ2017 ያወጡት ሳውንድስ ኦፍ ሲሶ ሲንጌሊ የሚባለውን የዳሬሰላም የዳንስ ሙዚቃ ይዞ መጣ፣ ከ200 ቢፒኤም በላይ የሚሮጥ ነገር፣ እኔ አንዱን ዘፈን ከሰማሁ በኋላ የሌብሉን ካታሎግ በሙሉ ነው የሄድኩበት። የዝርዝር ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ይመስለኛል፣ አንድ አልበም ይሰጥህና ከኋላው ያለውን ሌብል፣ ከተማ፣ ሰፈር ሁሉ ያሳይሃል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። "አልበም" የሚለው ቃል ራሱ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ግማሽ ውጭ ያስቀረዋል፣ ምክንያቱም ይሄ ሙዚቃ ያደገው በሲንግል (ነጠላ ዘፈን)፣ በኢፒ (ከአልበም ያጠረ የጥቂት ዘፈኖች ስብስብ) እና በሚክስ (ዲጄ አያይዞ የሚያጫውተው) ነው። የለንደኑ ፕሮዲዩሰር ቡሪያል ራይቫል ዲለር የሚለውን ሥራውን ያወጣው በ2013 ታህሳስ ላይ ነው፣ አብዛኛው ዝርዝር ተዘግቶ ባለቀበት ሰዓት፣ ደግሞም ኢፒ ነው፣ በሁለቱም ሕግ ይወድቃል፣ ግን ከዚያ ዓመት ዛሬም ደጋግሜ የምሰማው እሱን ነው። የኛዎቹን ደግሞ ተዉት። የአዲስ አበባው ፕሮዲዩሰር ሚካኤል ሰይፉ በ2014 ያወጣው ያራዳ ልጅ ኢፒ ነው፣ በ2016 አርቪንጂ በሚባል የአሜሪካ ሌብል ላይ የወጣው ዘላለምም ኢፒ ነው። መሰንቆና የቤተክርስቲያን ዜማ የሚሸት ድምፅ ከቤዝ ጋር እንደዚያ ተዋህዶ ሰምቼ አላውቅም ነበር፣ ይሄ ሥራ "አልበም አይደለም" ተብሎ ሲታለፍ ያመኛል። የኃይሉ መርጊያ ሸሞንሟናዬ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፣ አኮርዲዮን፣ ሞግ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ይዞ አሜሪካ የሠራው የ1985 ካሴት ነው፣ ዓለም በደንብ የሰማው ግን ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የሚባለው ሌብል በ2013 ድጋሚ ሲያወጣው ነው። 28 ዓመት! የየትኛው ዓመት ምርጥ ልትሉት ነው እንግዲህ?

ዓመቱ ራሱ የነሱ ነው። የኛ ዓመት ጳጉሜን ላይ ነው የሚያልቀው፣ እዚህ ዘፋኙ አልበሙን ለእንቁጣጣሽ ወይ ለፋሲካ ነው የሚያደርሰው። የሮፍናን ነፀብራቅ በኛ 2010 ሲወጣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ኤሌክትሮኒክ ቢት ይሰማ ጀመር፣ ለዚህ ከተማ ያ ምን ማለት እንደነበር ከውጭ ሆኖ የሚደረድር ሰው አይገባውም፣ ሊገባውም አይጠበቅም። ጳጉሜን ላይ ኢፒውንም ሲንግሉንም የያዘ የራሳችን ዝርዝር ቢኖረን ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው፣ አሥር ሥራ ቢሆን ይበቃል።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ ቁጥሩን እርሱት። ብዙዎቹ ዝርዝሮች የሚሠሩት የጸሐፊዎችን ምርጫ ደምረው ስለሆነ አናት ላይ የሚወጣው ሁሉም ትንሽ ትንሽ የወደደው ነው፣ አንድ ሰው ብቻ ያበደለት አልበም ታች ይቀራል ወይ ጭራሽ አይገባም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ጸሐፊ የግል ዝርዝር ካወጡ መጀመሪያ እሱን አንብቡ፣ ጣዕሙ የሚገጥማችሁን አንድ ሰው ያዙና በየዓመቱ ተከተሉት። ከ50ኛው በኋላ የተደረደረውንም አትዝለሉ። ደሞ በሚኒባስ ውስጥ በርካሽ ኢርፎን ሰምታችሁ አትፍረዱ፣ ቤዙ ጠፍቶ ምኑን ሰማችሁት፣ ማታ ቤት በደህና ሄድፎን ይሁን።

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ከ5 4 እሰጣለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት በኢፒዎቹ ምክንያት ነው።

የወደዳችሁትን ደግሞ ግዙ። ባንድካምፕ የሚባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረገጽ ላይ አብዛኛውን አልበም ሳትከፍሉ መስማት ይቻላል፣ ለመግዛት ግን ቴሌብር አይሠራም፣ ውጭ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፣ ከሌላችሁ ውጭ ያለ ዘመድ ወይ ጓደኛ ለምኑ። ባንድካምፕ ፍራይዴይ በሚሉት ቀን ከሆነ ድርጅቱ የራሱን ድርሻ ስለሚተው ለሠሪው የሚደርሰው ገንዘብ ይበልጣል፣ ፋይሉንም በፍላክ (የድምፁ ጥራት በማይቀንስ ፎርማት) አውርዳችሁ ታስቀምጡታላችሁ፣ ኔትወርክ በጠፋበት ቀንም ይሰማል።