በአረንጓዴ የታተመ «ጤናማ»፦ የአንድ የታይሮይድ ክትትል ፓኬጅ ግምገማ

አንድ የግል ላቦራቶሪ «የታይሮይድ ክትትል» በሚል ስያሜ የሚያቀርበውን የምርመራ ፓኬጅ ለሁለት ዓመት ያህል ተጠቅሜበታለሁ። ስሙን የማልጠቅሰው የማነሣቸው ጉድለቶች የእሱ ብቻ ስለማይመስሉኝ ነው። ፓኬጁ በየቀጠሮው የሦስት ነገሮችን መጠን ይለካል፦ ቲኤስኤች (ከአንጎል ሥር ያለው የፒቱታሪ ዕጢ ታይሮይድን ለማዘዝ የሚልከው፣ የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ የሚወርድ፣ ሲያንስ የሚወጣ ሆርሞን)፣ ፍሪ ቲ ፎር (ታይሮይድ ራሱ የሚሠራው ዋና ሆርሞን) እና ፀረ ቲፒኦ አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ በታይሮይድ ላይ የሚያመነጨው)፤ ውጤቱንም ከቀደሙት ጋር አያይዞ በአንድ ገጽ ላይ በግራፍ ያሳያል። ለያዘኝ ሕመም፣ ለታይሮይድ ዕጢ መቆጣት (ብግነት)፣ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ይኸው ግራፍ ሲሆን፣ ክፉኛ ያሳሳተኝ ደግሞ ከግራፉ በላይ በቀለም የሚታተመው ፍርድ ነው።

ምክንያቱን ለማስረዳት ዕጢው ሲቆጣ ምን እንደሚከሰት መናገር ያስፈልጋል። ጤነኛ የታይሮይድ ዕጢ ለሳምንታት የሚበቃ ሆርሞን ሠርቶ በውስጡ ያከማቻል። ብግነት የዕጢውን ሕዋሳት ሲጎዳ ይህ ክምችት ያለ ልክ ወደ ደም ይፈሳል፤ ልብ በኃይል ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ክብደት ይቀንሳል። ምልክቶቹ ዕጢው ከመጠን በላይ ሲሠራ ከሚታዩት ጋር ስለሚመሳሰሉ ሐኪም ሁለቱን መለየት ይኖርበታል፤ እዚህ የሚፈሰው ቀድሞ የተሠራ ሆርሞን በመሆኑ፣ ምርትን የሚገቱ መድኃኒቶች ፋይዳ የላቸውም። እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ የልብ ምትን የሚያበርድ መድኃኒት ግን ጊዜው እስኪያልፍ ያሳርፋል። ክምችቱ ሲያልቅ የተጎዳው ዕጢ ቶሎ መተካት ስለማይችል፣ ትናንት ሙቀት አላስቀምጥ ያለው ሰው ብርድ ይበረታበታል፤ ይደክመዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ቆዳው ይሻክራል።

የመጀመሪያው ምርመራዬ ቲኤስኤችን 0.03 አሳየ፤ የተለመደው መጠን በግምት ከ0.4 እስከ 4 ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሁለቱም ሆርሞኖች በልካቸው ውስጥ ገቡ፤ ወረቀቱም «ጤናማ» የሚል ቃል በአረንጓዴ ቀለም ይዞ ወጣ። ውጤቱን የሰጡኝ ባለሙያ «እንኳን ደስ ያለዎት» አሉኝ፤ እኔም ቀጣዩን ቀጠሮ ለመሰረዝ ተነሥቼ ነበር። ሐኪሜ ግን ግራፉን ተመልክተው፣ «የፍሪ ቲ ፎር መስመሩ ገና እየወረደ ነው፤ የት እንደሚቆም ሳናይ አንሰነባበትም፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ይመለሱ» አሉኝ። ስመለስ ፍሪ ቲ ፎር ከልክ በታች ወርዶ፣ ቲኤስኤች 19 ደርሶ ነበር።

ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መስመር በመካከለኛው ክልል ማለፉ የማይቀር ነው፤ የእኔ ደም የተቀዳው በዚያ ማለፊያ ላይ ሳለ ነበር። አረንጓዴው ቀለም የዕለቱን ቁጥር በትክክል ቢናገርም ስለ ሕመሙ ጉዞ ምንም አልነገረኝም። ሌላም ነገር አለ፤ በሆርሞን ብዛት ታፍኖ የቆየው የፒቱታሪ ዕጢ የሚነቃው ዘግይቶ ስለሆነ፣ ፍሪ ቲ ፎር ወርዶ ሳለ ቲኤስኤች ለሳምንታት ዝቅ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ወቅት ላቦራቶሪው ቲኤስኤችን ብቻ የሚለካበትን አነስተኛ ፓኬጅ ለማንም አልመክርም።

የሕመሙ ፍጻሜ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ብዙ ጊዜ ከቫይረስ ሕመም በኋላ የሚመጣውና አንገትን እስከ መንጋጋ የሚያሳምመው ዓይነት በአብዛኛው በወራት ውስጥ ይድናል። ከወሊድ በኋላ ባለው ዓመት የሚከሰተውም በብዙዎቹ እናቶች ላይ ይድናል፤ በአንዳንዶቹ ግን ከዓመታት በኋላ ቋሚ እጥረት ስለሚያስከትል በየዓመቱ መመርመር ይገባቸዋል። ጃፓናዊው ሐኪም ሀካሩ ሀሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጹት፣ የሰውነት መከላከያ ራሱ ዕጢውን የሚያጠቃበት ዓይነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሕመም ስሜት ለዓመታት ቀስ እያለ ይሄዳል። በእንግሊዝ አገር ዊክሃም በተባለው አካባቢ ሰዎችን ለ20 ዓመት የተከታተለው ጥናት፣ አንቲቦዲ ተገኝቶባቸው ቲኤስኤቻቸውም ከፍ ካለ ሴቶች መካከል በየዓመቱ 4 በመቶ ያህሉ ወደ ግልጽ የሆርሞን እጥረት እንደሚያልፉ፣ አንቲቦዲ ብቻ በተገኘባቸው ላይ ግን ቁጥሩ 2 በመቶ ገደማ እንደሆነ አሳይቷል። እኔ አንቲቦዲ ስለተገኘብኝ ሐኪሜ ከዓመት በኋላ የምወስደውን የሌቮታይሮክሲን (የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ መድኃኒት) መጠን ቀንሰው ዕጢዬ በራሱ ይሠራ እንደሆነ ፈተኑ፤ ቲኤስኤች እንደገና ወጣ፤ መድኃኒቱም ቀጠለ።

እዚህ ላይ የቀጠሮው አከፋፈል ሊመሰገን ይገባል። የቲ ፎር ግማሽ ዕድሜ (በደም ያለው መጠን በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) ሰባት ቀን ያህል በመሆኑ፣ የመድኃኒት መጠን ከተለወጠ በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሳይቆዩ መለካት ያልረጋ ቁጥር ይሰጣል። ላቦራቶሪው ይህን አክብሮ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ቀኑ ሲቃረብም ያስታውሳል። ቸኩዬ በሦስተኛው ሳምንት በሄድኩ ጊዜ ምክንያቱን አስረድተው መልሰውኛል፤ ገንዘብ ላለመቀበል ሲሉ ደንበኛ የሚመልሱ ብዙ አይደሉም።

የዝግጅት መመሪያቸው ግን ደካማ ነው። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰደው ባዮቲን የአንዳንድ መሣሪያዎችን ንባብ እንደሚያዛባና ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት መቋረጥ እንዳለበት ማንም አልነገረኝም። የጠዋቱን ክኒን ውጬ ደም መስጠቴ ፍሪ ቲ ፎርን ለጥቂት ሰዓታት ከፍ እንደሚያደርገውም የሰማሁት ከሐኪሜ ነው። ከዚህ የባሰው አንቲቦዲውን በየቀጠሮው መለካታቸው ነው። አንዴ መኖሩ ከታወቀ በኋላ መጠኑ ወጣ ወረደ ተብሎ ሕክምናው አይለወጥም፤ በግራፉ ላይ ግን ሦስተኛ መስመር ሆኖ ስለሚታይ፣ ከ400 ወደ 520 ባለ ጊዜ ሕመሙ የከፋ መስሎኝ አንድ ሳምንት ሙሉ ተጨንቄያለሁ።

ፓኬጁን ሳድስ አንቲቦዲው እንዲቀርልኝ ጠየቅሁ፤ ተነጣጥሎ አይሸጥም ተባልኩ። አሁን ሁለቱን ምርመራዎች ብቻ እዚያው በተናጠል አሠራለሁ፤ ግራፉ ከፓኬጁ ጋር የሚሰጥ በመሆኑም መስመሩን በደብተሬ ላይ በእርሳስ እሥለዋለሁ።