የጣሊያን ምግብ ቤቶች፦ ከፒያሳ ተነስቶ ለሚሄድ

ምግቡ ላይ ክርክር የለም፤ ሮምም ፍሎረንስም በደንብ ያበላሉ። ሰው የሚናደደው ሒሳብ ሲመጣ ነው።

ማኪያቶና ስጎ እያለ ያደገ የፒያሳ ልጅ ቃሉን የሚያውቀው ይመስለዋል። እዚያ ማኪያቶ ማለት ግን ወተት ጠብ ያለበት ጥቁር ቡና ነው፤ የእኛን ዓይነት የፈለገ ካፑቺኖ ይዘዝ። «ላቴ» ያለ ነጭ ወተት ይቀርብለታል። ፔፔሮኒ ፒዛም ሥጋ ሳይሆን የፈረንጅ ቃሪያ አለበት።

ቡና ባንኮኒ ላይ ቆሞ መጠጣት ነው የሚያዋጣው። ለተቀመጠ ሰው ዋጋው እጥፍም፣ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። የቬኒሱ ሳን ማርኮ አደባባይ ላይማ ሙዚቃ ካለ ለሙዚቃውም ያስከፍላሉ።

ሒሳቡ ላይ «ኮፔርቶ» የሚል ካዩ የገበታ ክፍያ ነው። በሰው ልክ ይታሰባል፣ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዩሮ፤ ዳቦውን ባይነኩትም ይከፈላል። ሜኑው ላይ ካልተጻፈ ግን ይከራከሩ። «ሰርቪትሲዮ» የሚል ካለ ቲፑ ተቆርጧል፤ ከሌለም መስጠት ግዴታ አይደለም። የታሸገ ውሃ ይሸጣል፤ አምቦ ውሃ የለመደ «ፍሪዛንቴ» ይበል።

ትልቁ ወጥመድ ዓሣ ነው። ከዋጋው አጠገብ «ኤቶ» ከተጻፈ የ100 ግራም ዋጋ ነው፤ 7 ዩሮ የመሰለው ዓሣ 600 ግራም ከመዘነ 42 ዩሮ ይሆናል። ሳይጠበስ ያስመዝኑና ዋጋውን ይጠይቁ። ቢስቴካ የሚባለው የፍሎረንስ ወፍራም የበሬ ጥብስም በኪሎ ነው፤ አንዱ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ከ1 ኪሎ አያንስም፣ መሃሉም ቀይ እንደሆነ ይመጣል። ቁርጥ ለሚበላ ሰው ይህ ምንም አይደል፤ በደንብ ይብሰልልኝ ማለት ግን ሥጋውን ማበላሸት ነው። የምግቡ ስም ጎን ኮከብ ምልክት ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በረዶ ቤት የቆየ ነው ማለት ነው።

ለጾመኛ ማሪናራ ፒዛን የሚያህል የለም፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ። ፓስታ ከሆነ ደረቁን ይምረጡ፤ «ፍሬስካ» የሚባለው ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት። «ሴንሳ ፎርማጆ» ካላሉ አይብ ይነሰነስበታል።

ምሳ በእኛ ሰዓት ከ6፡30 እስከ 8፡30 ገደማ፣ እራት ከምሽቱ 1፡30 በኋላ ነው። በመሃል ብዙ ወጥ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ያን ጊዜ ክፍት ሆኖ በር ላይ ቆሞ የሚጣራ ካጋጠመ ማለፍ ይሻላል። እንጀራ ካማረዎት ሮም ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ፣ ሚላን ፖርታ ቬኔዚያ ሰፈር ያገኛሉ።