ኖቮፔን 6፣ ኦልስታር ፕሮ፣ ሁማፔን፦ ፔን ከመግዛታችሁ በፊት ካርትሪጁን እዩ

ሰላም ለሁላችሁ። ታይፕ 1 ስኳር አለብኝ፣ ጀርመን ነው ምኖረው፣ ኢንሱሊን ምወጋው ካርትሪጅ (ኢንሱሊኑ ያለበት ትንሽ የመስታወት ቱቦ) እየተቀየረለት ለዓመታት ሚያገለግለውን ፔን ነው እንጂ ሲያልቅ ሙሉውን ሚጣለውን አይደለም። አሁን አሁን አዲስ አበባም ዱባይም ያሉ ዘመዶች እየደወሉ የትኛው ፔን ነው ጥሩ፣ ለእናቴ ልግዛላት ወይ፣ ላኪልኝ እያሉ ስለሚጠይቁኝ የተጠቀምኩባቸውንም በቅርብ ያየኋቸውንም ሰብሰብ አድርጌ ልጽፍላችሁ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፣ ፔን ለብቻው አይመረጥም። መጀመሪያ ሐኪሙ ያዘዘው ኢንሱሊን ነው ሚታየው፣ ቀጥሎ የዛ ኢንሱሊን ካርትሪጅ በምትኖሩበት ከተማ ሳይቋረጥ ይገኛል ወይ ሚለው ነው፣ ፔኑ ሦስተኛ ነው። ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያምረውን ፔን ገዝቶ ካርትሪጅ ፍለጋ ይወጣል።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ፔኑ ኢንሱሊኑን አይለካውም። ከኋላ 10 ዩኒት ብላችሁ ስታዞሩ ውስጡ ያለው ዘንግ የካርትሪጁን የጎማ ቡሽ የተወሰነ ርቀት ወደፊት ይገፋል፣ በቃ ስራው ያ ነው። ከመርፌው ሚወጣው መጠን ሚወሰነው በዛ ርቀት እና በመስታወቱ የውስጥ ስፋት ነው። መስታወቱ ትንሽ ሰፋ ካለ ያዞራችሁት 10 ሆኖ ሰውነታችሁ ውስጥ ሚገባው ከ10 ይበልጣል፣ ጠበብ ካለ ያንሳል፣ ቁጥሩ ላይ ግን ምንም ልዩነት አታዩም። የበለጠ ከገባ ስኳር ይወርዳል፣ ሌሊት እንቅልፍ ላይ ከሆነ ደግሞ በጣም አደገኛ ነው። ስለዚህ "3 ሚሊ ነው፣ ገጥሟል፣ ይሰራል" ማለት በቂ አይደለም፣ የሁሉም ድርጅት ካርትሪጅ 3 ሚሊ እና 300 ዩኒት ነው፣ በዓይን ሲታዩም ይመሳሰላሉ። ኦንላይን ላይ "ለሁሉም ካርትሪጅ ይሆናል" እየተባለ ያለ ስም ሚሸጥ ፔን አይቻለሁ፣ እባካችሁ እንዳትገዙት።

እና እንዴት ነው ምናመሳስለው? በድርጅቱ ነው። የኖቮ ኖርዲስክ ኢንሱሊን ፔንፊል በሚባለው ካርትሪጅ ይመጣል፣ እሱ ለኖቮፔን ቤተሰብ ነው፣ ኖቮፔን 4፣ 5፣ 6 እና ኤኮ ማለት ነው። የሊሊ፣ ማለትም ሁማሎግ፣ ሁሙሊን፣ አባሳግላር ለሁማፔን ነው። የሳኖፊ፣ ላንተስ እና አፒድራን የመሳሰሉት፣ ለኦልስታር ፕሮ እና ለጁኒየርስታር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሚሳሳትበት ነገር አለ። የመድኃኒቱ ስም ተመሳሳይ ስለሆነ ፔኑም አንድ ነው ብሎ ማሰብ። ላንተስም አባሳግላርም ውስጣቸው ያለው ግላርጂን የሚባል ያው አንድ ኢንሱሊን ነው፣ ግን አንዱ የሳኖፊ ሌላው የሊሊ ስለሆነ ሐኪማችሁ ወይ ኢንሹራንሳችሁ ከአንዱ ወደ ሌላው ከቀየራችሁ ፔኑም አብሮ መቀየር አለበት። ኢንሱሊን ሊስፕሮም እንደዛው ነው፣ ሁማሎግ ከሆነ ሁማፔን፣ ሳኖፊ የሰራው ሊስፕሮ ከሆነ ደግሞ የሳኖፊ ፔን። ሳጥኑ ላይ ትልቁን ስም ብቻ አይታችሁ እንዳታልፉ፣ ከታች የአምራቹን ስም አንብቡ፣ ከዛ ውስጥ ያለውን ወረቀት አውጡና የትኞቹ ፔኖች እንደተዘረዘሩ እዩ፣ ፔናችሁ እዛ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ አይሆንም።

እኔ ራሴ ከምግብ ጋር ፈጣኑን ኖቮራፒድ ማታ ደግሞ ቀስ ብሎ ሚሰራውን ላንተስ ስለምወስድ ሁለት ፔን ነው ምይዘው፣ ኖቮፔን 6 እና ኦልስታር ፕሮ። አንዳንዱ ሰው ሁለት መያዝ አድካሚ አይደለም ወይ ይለኛል፣ እኔ ግን በጣም ነው ወድጄው ያለሁት፣ ቅርጻቸው ስለሚለያይ በጨለማም በእጄ ዳብሼ አውቃቸዋለሁ፣ የማታውን 20 ዩኒት በፈጣኑ ኢንሱሊን መወጋት ማለት ምን እንደሆነ ሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለቱም ኢንሱሊናችሁ የአንድ ድርጅት ከሆነና አንድ ዓይነት ፔን ምትጠቀሙ ከሆነ ቢያንስ ቀለሙን ለዩት፣ ኖቮፔን 5 ለምሳሌ ሰማያዊና ብርማ አለው።

ኖቮፔን 6ን ምወድበት ዋናው ምክንያት ማስታወሻው ነው። ኋላው ላይ ያለችው ትንሽ ስክሪን መጨረሻ የወጋችሁትን መጠን እና ስንት ሰዓት እንዳለፈው ታሳያለች። "ቅድም ወግቻለሁ ወይስ አልወጋሁም" ሚለው ጭንቀት ያለበት ሰው፣ በተለይ እድሜያቸው ለገፋ ወላጆች፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ኖቮፔን 5ም ይሄን ያደርጋል። 6 ሚጨምረው ስልክ ጋ ስታስጠጉት 800 ድረስ ያሉ መወጋቶችን በኤንኤፍሲ (ሲጠጋጉ ብቻ በሚሰራ ገመድ አልባ ግንኙነት) ወደ አፕ ማስተላለፉን ነው፣ ሐኪም ቤት ስሄድ ደብተር ማገላበጥ ቀርቶልኛል። ማይመቸኝ ደግሞ መርፌ ለመሞከር ምታስወጡትን 2 ዩኒትም አብሮ መመዝገቡ፣ ከዛ ባትሪው አይቀየርም፣ ከ4 እስከ 5 ዓመት ነው ሚቆየው፣ ከዛ በኋላ መውጋቱን ይወጋል ማስታወሻው ግን የለም። እስከ 60 ዩኒት ያዞራል።

ኦልስታር ፕሮ ቀለል ያለ ነው፣ ስክሪን የለውም ባትሪ የለውም፣ እስከ 80 ዩኒት ድረስ በአንድ ጊዜ ይሰጣል፣ ብዙ መጠን ለሚወስድ ሰው ይሄ ጥሩ ነው። ለማስታወስ ግን ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ። ሁማፔን ሳቪዮን ጓደኛዬ ጋ ነው በደንብ ያየሁት፣ ቁጥሩ በግልጽ ይታያል፣ እስከ 60 ይሄዳል፣ ሁማሎግ ምትጠቀሙ ከሆነ ምንም ቅሬታ የለኝም።

ልጅ ላላቸው ደግሞ ሌላ ነው። ትንሽ ልጅ ላይ 1 ዩኒት ብቻ ስኳሩን ብዙ ሊያወርደው ስለሚችል ግማሽ ግማሽ ዩኒት ሚያዞር ፔን ያስፈልጋል፣ ከኖቮ ኤኮ፣ ከሊሊ ሉክሱራ ኤችዲ፣ ከሳኖፊ ጁኒየርስታር፣ ሦስቱም እስከ 30 ዩኒት ናቸው። ለልጅ ሲሆን ሌላ ስሌትም አለ፣ በቀን 8 ዩኒት ሚወስድ ልጅ በ28 ቀን ሚወጋው 224 ዩኒት ብቻ ነው፣ ከ300ው መርፌ ለመሞከር ሚወጣው ተቀንሶ ሚተርፍ ካለ ቢያሳዝንም ይጣላል፣ ኖቮራፒድም ላንተስም ፔን ውስጥ ከገቡ ከ30 ዲግሪ በታች 4 ሳምንት ነው ሚቆዩት። በተረፈ ያለቀ ካርትሪጅ ውስጥ ከብልቃጥ በሲሪንጅ ቀድቶ መሙላት ፈጽሞ አይደረግም፣ ሚሞላው ፔኑ ነው፣ በአዲስ ካርትሪጅ። ቱጄዮን የመሰለ ባለ 300 (በ1 ሚሊ ውስጥ 300 ዩኒት ያለው)፣ ወይ ባለ 200 ሁማሎግና ትሬሲባ ደግሞ ተሞልቶ በመጣ ፔን ብቻ ነው ያሉት፣ ከነሱ በሲሪንጅ ቀድታችሁ እንዳትወጉ።

ወደ አገር ቤት መላክ ምትፈልጉ፣ ይሄ ለናንተ ነው። አክስቴ አዲስ አበባ ናት፣ ደውላ "አንቺ ልጅ ያንን እስክሪብቶ የመሰለውን ላኪልኝ" አለችኝ፣ ከመላኬ በፊት ሳጥኑን ፎቶ አንሺልኝ ስላት የመጣልኝ 10 ሚሊ ብልቃጥ ነው፣ 1000 ዩኒት ያለው፣ ሰፈሯ ያለው ፋርማሲም ሚያመጣው ያንኑ ነው። እንግዲህ ኖቮፔን ብልክላት ምን ታስገባበታለች? ካርትሪጅ እኔ በየጊዜው ልላክ ብል ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ሳይቋረጥ፣ ደግሞ በረዶ ሳይሆን፣ በሻንጣ መድረስ አለበት፣ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን አያገለግልም፣ አንድ መንገደኛ ቢቀር ደግሞ ሴትዮዋ መሀል ላይ ቀረች ማለት ነው። ስለዚህ በብልቃጡ እንድትቀጥል ተስማማንና ለባለ 100 ኢንሱሊን ሚሆኑ መርፌያቸው አጭር የሆኑ ሲሪንጆች ላኩላት። በ2024 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኖቮ ኖርዲስክ ሂዩማን ኢንሱሊን የሚባለውን ዓይነት በፔን ሚያቀርብበትን ውል ሳያድስ ቀርቶ በመንግስት ጤና ተቋም ሚታከሙ ብዙ ሰዎች ከፔን ወደ ብልቃጥና ሲሪንጅ ተመልሰዋል፣ ስለዚህ ዛሬ ካርትሪጅ አለ ያለውን ፋርማሲ ሚቀጥለውስ ወር ብላችሁ ጠይቁት።

አጠቃቀሙ ላይ፣ መርፌውን በየጊዜው አዲስ አድርጉ፣ አብዛኛው በብሎን ሚገባ መርፌ ለሦስቱም ድርጅት ፔን ይሆናል፣ 4 ሚሊሜትሩ ለብዙ ሰው ይበቃል። ከመውጋታችሁ በፊት መርፌውን ወደላይ አድርጋችሁ 2 ዩኒት አስወጡ፣ ጠብታ ካላያችሁ ድገሙት። ከተወጋችሁ በኋላ ቶሎ አትንቀሉ፣ ኖቮ 6 ሰከንድ ሳኖፊ 10 ሰከንድ ነው ሚለው፣ እኔ ለሁሉም 10 እቆጥራለሁ። ደመና የመሰለው ኢንሱሊን ከሆነ በእጃችሁ መሀል አንከባሉት ወደላይ ወደታችም ገልብጡት፣ ፔንፊል ከሆነ ውስጡ ያለችው ኳስ በደንብ እንድትንቀሳቀስ ቢያንስ 12 ዩኒት መቅረት አለበት፣ ከዛ ካነሰ አዲስ አስገቡ። ኖቮፔን ላይ ደግሞ መሀል ላይ ኢንሱሊኑ ካለቀ ቁጥሩ 0 ሳይደርስ ይቆማል፣ ያ የቆመበት ቁጥር ገና ያልገባው መጠን ነው፣ ካርትሪጅ ቀይራችሁ፣ አዲስ መርፌ አድርጋችሁ 2 ዩኒቱን ካስወጣችሁ በኋላ እሱን ብቻ ነው ምትወጉት እንጂ ሙሉውን አይደለም።