መሣሪያው ብቻውን ያልፈታው ችግር፦ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ የወሰድነው የመስማት ተሃድሶ አገልግሎት

የአባቴ ጆሮ ከከበደ ዓመታት ተቆጥረዋል። በማተሚያ ቤት 31 ዓመት የሰሙት የማሽን ድምፅ ላይ ዕድሜ ተጨምሮበት፣ ባለፈው ዓመት የተደረገላቸው ምርመራ በሁለቱም ጆሮዎቻቸው መካከለኛ የሚባል የመስማት ጉድለት እንዳለ አሳየ፤ የመስሚያ መሣሪያም ተገዛላቸው። መሣሪያው ግን ከአልጋቸው አጠገብ ባለው መሳቢያ ውስጥ፣ ከአሮጌ መነጽራቸው ጋር፣ አምስት ወር ተኛ። ለምን እንደማያደርጉት ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ድምፁንማ እሰማለሁ፤ ንግግሩ ነው የማይገባኝ።»

ከብሔራዊ ቲያትር ብዙ በማይርቅ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወደሚገኝ የመስማት ሕክምና ማዕከል የወሰደን ይኸው አቤቱታ ነው። የማዕከሉን ስም የማልጠቅሰው ከምስጋናው ጋር የማነሣው ቅሬታም ስላለኝ ነው። አገልግሎቱን «የመስማት ተሃድሶ» ይሉታል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት፣ ለስድስት ሳምንት የሚሰጥ ሲሆን፣ በእኛ ቡድን ውስጥ አራት አዛውንቶች ነበሩ። ለእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ 700 ብር ከፍለናል። ለምዝገባ ስደውል መጀመሪያ የተጠየቅኩት የአባቴን የምርመራ ውጤት ሳይሆን «ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?» የሚል ነበር፤ ያ ሰው አብሮ ካልመጣ አይመዘገቡም። በወቅቱ ገንዘብ ለመሰብሰብ የተዘየደ ዘዴ መስሎኝ ነበር፤ አብሮ ለሚመጣ ሰው ግን ምንም አልተከፈለም።

በመጀመሪያው ቀን ወጣቷ ኦዲዮሎጂስት (የመስማት ሕክምና ባለሙያ) የአባቴን ኦዲዮግራም፣ ማለትም የመስማት ምርመራውን ውጤት የሚያሳየውን ሥዕል፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ መስመሩ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀጫጭኑ ድምፆች፣ በሄደ ቁጥር እንዴት ቁልቁል እንደሚወርድ በእርሳስ ጫፍ አሳየቻቸው። የቃልን ጉልበት የሚሸከሙት አናባቢዎች በአመዛኙ በዝቅተኛው ድግግሞሽ፣ ማለትም በወፍራሙ ድምፅ፣ በኩል ስለሚገኙ አባቴ ይሰሟቸዋል፤ ቃልን ከቃል የሚለዩት እንደ ስ፣ ሽ፣ ፍ እና ት ያሉት ደካማ ድምፆች ግን መስመሩ ባዘቀዘቀበት በኩል ናቸው። ስለዚህ ሰው መናገሩ ይሰማል፤ የተናገረው ግን አይለይም። መሣሪያው የጎደለውን ድምፅ ያጎላል እንጂ፣ በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የሞቱትን የመስማት ሕዋሳት አይተካም፤ የሰው ልጅ ሕዋሳት ደግሞ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። የቀረውን ክፍተት የሚሞሉት ዓይን፣ ልምድና አነጋጋሪው ሰው ናቸው። ይህ አስተሳሰብ አዲስ አለመሆኑንም ነገረችን፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሬይመንድ ካርሃርት የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ፣ ጆሯቸው የተጎዳ ወታደሮችን መሣሪያ ሰጥቶ ከማሰናበት ይልቅ በወታደራዊ ሆስፒታል ውስጥ የማዳመጥና የከንፈር ንባብ ሥልጠና ይሰጣቸው ነበር። አባቴ ይህን ሲሰሙ፣ «እኔንስ መሣሪያውን ሰጥተው አይደል ያሰናበቱኝ?» አሉ።

ቀጥሎ አሥር ጥያቄዎች ያሉት አጭር መጠይቅ ቀረበላቸው። በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለአዛውንቶች የተዘጋጀ ነው፤ «አዎን» 4፣ «አንዳንድ ጊዜ» 2፣ «አይደለም» 0 እየተሰጠው እስከ 40 ይደመራል። የሚጠይቀው የጆሮን አቅም ሳይሆን ኑሮን ነው፦ የመስማት ችግርዎ ከቤተሰብ ጋር ያጨቃጭቅዎታል? ዘመድ ሲጠይቁ ያስቸግርዎታል? ወደ ጸሎት ቤት የሚሄዱበትን ጊዜ ቀንሶታል? አባቴ 28 አገኙ። የጭቅጭቁን ጥያቄ «አዎን» ሲሉ እናቴ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከሁሉ የተደነቅኩበት ሁለተኛው ሳምንት ነው። ባለሙያዋ በክብ የጥልፍ ወጠሪያ ላይ የተወጠረ ጥቁር ስስ ጨርቅ ይዛ መጣች። በእጅ ወይም በወረቀት አፍ ቢሸፈን ድምፁም አብሮ ይታፈናል፤ ጨርቁ ግን ከንፈርን ይደብቃል እንጂ ድምፅን እምብዛም አይከለክልም። አፏን በጨርቁ ሸፍና «እንግዳው ከረመ» አለች፤ አባቴ «እንግዳው» የሚለውን ብቻ ያዙ። ጨርቁን አውርዳ ስትደግመው ደግሞ በሙሉ ልብ «እንግዳው ቀረበ!» አሉ። ስህተቱ የእሳቸው አልነበረም። ቀ እና ከ ጉሮሮ አካባቢ ስለሚፈጠሩ ከውጭ አይታዩም፤ በ እና መ ደግሞ ከንፈርን የሚያገናኙት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ስለዚህ «ቀረበ» እና «ከረመ» በከንፈር ላይ አንድ ቃል ናቸው። ሁለቱን የሚለየው ጆሮ ነው፣ ያ ካልተቻለም የወሬው አካሄድ፤ ባለሙያዋ «እንግዳው ሁለት ወር ከረመ» ስትል አባቴ ወዲያው ለዩት። የከንፈር ንባብ ሁሉን ነገር የሚገልጥ ጥበብ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ግማሹ ግምት ነው፣ ግምቱን የሚያቃናውም ስለ ምን እየተወራ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ርዕስ ሲቀየር «አሁን ስለ ኪራዩ ነው» ብሎ መጀመር ልማድ ሆኗል።

በሦስተኛው ሳምንት የታክሲ ተራ ጫጫታ የተቀዳበት ድምፅ ተከፍቶ፣ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ሲጮኽ በዚያ መሀል ሒሳብ መስማት ተለማመዱ። «ሠላሳ» እና «ስልሳ» ጤነኛ ጆሮንም ያሳስታሉ። አባቴ እስከዚያ ድረስ «ምን?» ብቻ ነበር የሚሉት፤ «ምን?» የተባለ ሰው ደግሞ ያንኑ ቃል ጮኽ አድርጎ ይደግመዋል፣ ችግሩም እዚያው ይቀራል። አሁን የሰሙትን መልሰው ይናገራሉ፦ «ስልሳ አልከኝ? ስድስት ዜሮ?» ነገሩ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ሱቅ ሲሄዱ እናቴን ማስከተላቸው የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛው ሳምንት የእኛ ተራ ነበር። በቤታችን ሁሉም ሰው አባቴን የሚያናግረው ወይ ከጓዳ ነው፣ ወይ ጀርባውን ሰጥቶ ነው፤ እናቴ ቡና እየወቀጠች ትጠራቸውና መልስ ሲጠፋ ትቆጣለች። እኔ ደግሞ እጮኻለሁ። ባለሙያዋ እንደ ቤቴ እንዳናግራቸው ካደረገችኝ በኋላ፣ ስጮኽ ጎልቶ የሚወጣው አናባቢው ብቻ እንደሆነ፣ አፌም ከቅርጹ ወጥቶ ለማንበብ እንደሚያስቸግር፣ የተጎዳ ጆሮም ደካማውን ድምፅ ሳይሰማ ኃይለኛው ቶሎ እንደሚያውከው አስረዳችኝ። ማድረግ ያለብን መጀመሪያ ቀርበን ስማቸውን መጥራት፣ ብርሃን ፊታችን ላይ እንዲያርፍ መቀመጥ፣ ረጋ ብለን መናገር፣ ካልገባቸውም ያንኑ ከመድገም ይልቅ በሌላ ቃል መናገር ነው። «አባባ፣ ሲቆጡዎት ምን ይሰማዎታል?» ብላ ስትጠይቃቸው፣ «እኔማ የሚቆጡኝ ፊታቸውን ሳይ ነው የሚገባኝ፤ የተቆጡበትን ግን አልሰማውም ልጄ» አሏት። ይህን ቃል ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ ብሎት የሚያውቅ የለም።

ስለ መሣሪያው አያያዝ የተሰጠው ትምህርት አጭርና በቂ ነበር። የባትሪው ተለጣፊ ከተላጠ በኋላ አየር ስለሚገባው መልሶ መለጠፍ ዕድሜውን አያራዝመውም፤ አባቴ ግን ለቁጠባ ሲሉ ማታ ማታ ይለጥፉት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጸጥ ባለ ክፍል ለጥቂት ሰዓት ብቻ እንዲያደርጉት፣ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ እንዲጨምሩ መመከራቸውም ከመሳቢያው አስወጥቶታል።

ቅሬታዬ ከክፍሉ ደጅ ይጀምራል። ጆሯቸው የከበደ ሰዎች በሚታከሙበት ቤት ተራ የሚጠራው በአፍ ነው። ጸሐፊዋ ከመስታወት ጀርባ፣ ማስክ አድርጋ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሣ ስም ትጠራለች፤ ባለስሙ ካልተነሣ ቀጣዩን ትጠራለች። ሁለት ጊዜ ተራ አልፎናል። የቁጥር ሰሌዳ ባይኖር እንኳ ተራ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ብድግ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም። ለቤት ልምምድ የተሰጠን ወረቀትም በእንግሊዝኛ ነበር፤ ጥያቄ ስናነሣ ተተርጉሞ የመጣው ደግሞ «በረዶው ላይ ተንሸራተተ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረው። አማርኛው እንደ «ቀረበ» እና «ከረመ» ያለ የራሱ መልመጃ እያለው ይህ የሚያሳዝን ስንፍና ነው። መብራት ሲጠፋም አሳንሰሩ ስለሚቆም፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እናት አንዱን ቀን ከምድር ቤት ተመልሰዋል።

መሣሪያ ገዝተው መሳቢያ ውስጥ ላስቀመጡ ሁሉ አገልግሎቱን እመክራለሁ፤ አዛውንቱን በር ላይ አድርሶ ለመመለስ ለሚያስብ ልጅ ግን አልመክርም፣ ምክንያቱም ከሥልጠናው ግማሹ ለእሱ ነው። በመጨረሻው ቀን ያው መጠይቅ ተደገመ፤ የአባቴ ውጤት ከ28 ወደ 16 ወርዷል። የጭቅጭቁን ጥያቄ «አንዳንድ ጊዜ» አሉት፤ እናቴም አልዞረችም። የጸሎት ቤቱን ጥያቄ ግን አሁንም «አዎን» ብለውታል። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የድምፅ ማጉያው ማሚቶ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ቅዳሴውን ስለሚደበላልቅባቸው፣ ባለሙያዋ ከማጉያው ራቅ፣ ወደ ፊት ቀረብ ብለው የካህኑ ፊት በሚታይበት ቦታ እንዲቆሙ መከረቻቸው፤ ከዚያ ያለፈ ተስፋ አልሰጠቻቸውም።