የማያሚው ችግኝ ቤት፦ አራት ኮከብ፣ እባቧን ጨምሮ

ዋጋቸው አይቀመስም። ችግኛቸው ግን ጤነኛ ነው። ጤና አዳም ፈልጌ ሄጄ አገኘሁ፤ ይሄ ብቻውን ለሐበሻ ትልቅ ነገር ነው። መኪና ማቆሚያው ጠባብ ስለሆነ ቅዳሜ ባትሄዱ ይሻላል።

አሁን ወደ እባቧ። ችግኙን ወደ ትልቅ መትከያ ሳዛውር ከሥሩ መሀል ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ተስለከለከ። ውፍረቱ ከማካሮኒ የቀጠነ። ትል እንዳይባል ሰውነቱ ቀለበት ቀለበት የለውም፤ ልሙጥ ነው። ምላስም ብልጭ ያደርጋል! ዓይኗ ከቅርፊት ሥር ያለች ነጥብ ናት። መዳፌ ላይ ሳደርጋት በጅራቷ ጫፍ ባለች ሹል ነገር ጠቅ ጠቅ አደረገችኝ። አያምም።

ሱቁ ጋ ደወልኩ። ሠራተኛዋ ምንም አልመሰላትም፤ «የአበባ መትከያ እባብ ናት፣ ተያት» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሰው የሚጎዳ መርዝ የላትም። የምትበላው የጉንዳንና የምስጥ እንቁላልና እጭ ነው። ዘሯ ከእስያ ተነስቶ በችግኝ አፈር ተደብቆ ስንቱን አገር አዳርሷል፤ ፍሎሪዳም የገባችው እንዲሁ ነው። ጉድ የሚያሰኘው ደግሞ ሁሉም ሴቶች ናቸው። ያለ ወንድ ይራባሉ። አንዷ ከገባች በቃ፣ ሰፈር ትመሠርታለች።

አንድ ኮከብ የቀነስኩት በእሷ አይደለም። ሲሸጡልኝ ትንፍሽ አለማለታቸው ነው ያናደደኝ፤ እባብ የሚፈራ ሰው ቢሆንስ? ከሄዳችሁ አፈሩን እዚያው አራግፋችሁ እዩ። ጤና አዳሙን ግን ጠዋት ግዙ፣ ቶሎ ያልቃል።