«ኦርጅናል የዴካትሎን ጫማ» ብሎ ቀብድ ለሚጠይቅ ሰው ብር እንዳትልኩ

የሀዋሳ ልጆች፣ በተለይ ቤታችሁ የሚሮጥ ልጅ ያላችሁ፣ ይህችን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትልኩ።

ታናሽ እህቴ 16 ዓመቷ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከአሞራ ገደል ተነስታ ሐይቁን ይዛ ትሮጣለች። የድሮ ጫማዋ ተረከዙ አልቆ ጉልበቷን ያማት ጀመር። አሰልጣኟ «ጫማ ይቀየርላት» አለን። ቴሌግራም ላይ ስፈልግ አንድ ሻጭ አገኘሁ። «የዴካትሎን ወኪል ነን፣ በቀጥታ ከፈረንሳይ የሚመጣ፣ የዘንድሮ አዲስ ካሌንጂ» ይላል። ዋጋው 7,500 ብር። ግማሹ በቴሌብር ቀብድ፣ ቀሪው ዕቃው ሲደርስ። ላክሁ። ጫማው ሲመጣም እንደነገሩ አየት አድርጌ ቀሪውን ከፈልኩ።

ለማያውቅ ሰው፣ ዴካትሎን እ.ኤ.አ. በ1976 ፈረንሳይ ውስጥ ሊል ከተማ አጠገብ የተጀመረ ትልቅ የስፖርት ዕቃ ቸርቻሪ ነው። በአብዛኛው የሚሸጠው በራሱ ስም የሚያሠራውን ዕቃ ነው። የኳሱ ኪፕስታ ይባላል፣ የተራራው ኬችዋ፣ የሩጫው ደግሞ ካሌንጂ ይባል ነበር። ዋጋው ከሌሎቹ ታዋቂ ስሞች ቀለል የሚለውም ለዚህ ነው። አታላዩን የጠቀመውም ይኸው ነው። ሌላ ስም ቢሆን «ይህን ያህል ከረከሰ ፌክ ነው» እንላለን። ዴካትሎን ሲባል ግን ርካሽነቱ ራሱ እውነት ይመስላል።

ካርቶኑ ላይ የታተመው የኩባንያው አዲስ አርማ ነው። ጫማው ላይ ያለው ደግሞ ካሌንጂ የሚለው ስም። ኩባንያው አርማውን የቀየረው እ.ኤ.አ. በ2024 ሲሆን፣ ያኔ ብዙ ብራንዶቹን ቀንሶ የሩጫውን ኪፕረን በሚለው ስም ጠቅልሎታል። ሻጩ «የቆየ ክምችት ነው» ቢለኝ ይገባኝ ነበር። «የዘንድሮ አዲስ ካሌንጂ» ግን ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ይህን ያጣራሁት ከከፈልኩ በኋላ መሆኑ እስካሁን ያንገበግበኛል።

በዘጠነኛው ቀን የቀኝ እግሩ ሶል አፉን ከፈተ። ፒያሳ ለአንድ ሊስትሮ ሰጠሁት። ልጁ የውስጡን ንጣፍ በቢላ ጫፍ ገለጥ አደረገው። ከስር ያለው ካርቶን ነው። በላቧ ርሶ እንደ እንጀራ ፍርፋሪ ይነሳል። «ጋሼ፣ በማስቲሽ ብለጥፈውም ሳምንት አይቆይም፤ ካርቶን ምን ይይዛል?» አለኝ። ምላሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳየው ደግሞ ግራው «ቬትናም የተሠራ»፣ ቀኙ «ቻይና የተሠራ» ይላል። የአንድ ጥንድ ጫማ! እህቴ በዚህ ላይ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሮጣለች። ጉልበቷ አሁን ከበፊቱ ብሶበታል።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ወንድሜ» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ብሎክ አደረገኝ። ልብ በሉ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። እሱ አይመለስም ስላለ አይቀርም ነበር። ግን የት ልክሰሰው? ደረሰኝ የለኝም። ሱቁን አላውቀውም። በእጄ ያለው የቴሌብር መልዕክት ብቻ ነው፣ እሱም ለግለሰብ ስልክ የተላከ።

ስለዚህ ወኪል ነኝ ካላችሁ ሱቁ ድረስ ሂዱ፣ ንግድ ፈቃዱን እዩ። «ሱቅ የለንም፣ በዴሊቨሪ ብቻ ነው» ካለ እዚያው ተዉት። ዕቃው ሲመጣ ዴሊቨሪው ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ፤ ንጣፉን አውጥታችሁ ከስሩ ያለውን እዩ፣ የግራና የቀኙን ጽሑፍ አስተያዩ። ምልክቱ ላይ ያለውን ቁጥር ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ፈልጉ። ደረሰኝ ሳትቀበሉ ብር አይውጣ።

ቻናሉ ከዚያ ወዲህ ስሙን ሁለቴ ቀይሯል። ፎቶው ግን ያው ነው፦ ሰማያዊ ካርቶን ላይ የተቀመጠ ብርቱካንማ ጫማ፣ ከጀርባው ነጭ መጋረጃ። ትናንት ማታም «አዲስ ገባ» ብሎ ለጥፎታል።