ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለውጭ አገር ተማሪ እንዴት ነው?

ትልቁ መስህብ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ነው፤ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ቀበሌና ገጠር ወርደው የነዋሪውን ችግር ያጠናሉ። በተለይ ለጤና ተማሪ ከዚህ የተሻለ መማሪያ የለም። ችግሩም እዚያው ነው፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሰጥም ታካሚው የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ወይም አማርኛ ነው። ሁልጊዜ አስተርጓሚ ጓደኛ ይዞ መዞር አያዛልቅም፤ ሰላምታውን፣ ቁጥሩንና የሕመም ቃላቱን ቀድሞ ማጥናት በጣም ይረዳል።

ሌላው ማነቆ ሰነድ ነው። የትምህርት ማስረጃው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ በተማሪው አገር ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ይረጋገጣል፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ እንደገና መጀመር ነው። ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከጎርጎርዮሳዊው በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚለይ፣ የምዝገባ ቀን ሲነገር በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጠየቅ።